ከቶሪኖ እስከ ጭላሎ፤ የኮንሶላታ ማኅበር አመጣጥና አኗኗር



በአሰላና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች «ሚሲዮን» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ «ሚሲዮን ሄጄ ታከምሁ» ይላል፤ ሌላው «ልጄን ሚሲዮን አስገባሁት» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ መንገድ ሲያመለክት «ከሚሲዮኑ በላይ፥ ከወንዙ ወዲህ» ይላል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? ማን ላካቸው? ሚስት ሳያገቡ፥ ልጅ ሳይወልዱ፥ ከዘመድ ርቀው በሰው አገር የሚያረጁት በምን ሕግ ነው? ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ፥ በአርሲ ከሠሩት የካቶሊክ ማኅበራት መካከል የአንዱን፥ ይኸውም የኮንሶላታን ማኅበር ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ። ታሪኩ በኬንያና በከፋ በኩል ዞሮ ነው አርሲ የሚደርሰው። መንገዱ የረዘመበት ምክንያት የታሪኩ ዋና ነገር ስለ ሆነ አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን እ.ኤ.አ.፥ እንደ አገራችን ሲሆን ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል።

በአገራችን መነኩሴ ሲባል ቆቡን ደፍቶ፥ ቅናቱን ታጥቆ፥ ዓለምን ንቆ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ ዋልድባ የሚገባው ሰው ነው በአሳባችን የሚመጣው። በምዕራቡም አገር ምንኵስና የተጀመረው በዚሁ ዓይነት ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ ጸሎትና የእጅ ሥራ የተደባለቀበት ሥርዓት ሠራላቸው። በ13ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ተነሥቶ ወንድሞቹ በገዳም ሳይዘጉ በከተማው መካከል በድኽነት እየኖሩ እንዲያስተምሩ አደረገ። ከእርሱም ልጆች ተለይተው በ16ኛው መቶ ዓመት ካፑቺኖች የሚባሉት፥ ጢማቸውን የሚያሳድጉትና ሹል ቆብ ያለው ቡናማ ቀሚስ የሚለብሱት ወጡ። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሥራቸው ወደ ሩቅ አገር መላክ ብቻ የሆነ አዳዲስ ማኅበራት ተመሠረቱ። ኮንሶላታ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ወገን ነው። ይሁን እንጂ የትውልዱ ሐረግ በአንድ ካፑቺን ሰው በኩል ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ሰው ካርዲናል ጉልየልሞ ማስያስ፥ በአገራችን ሰዎች አጠራር አቡነ ማስያስ ነው። በሰሜን ኢጣልያ በፒየሞንት ክፍል በ1809 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ1846 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ሆኖ ለኦሮሞ ሕዝብ ተላከ። ነገር ግን ወደ አገሩ ውስጥ መግባት ቀላል ነገር አልነበረም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የንጉሡ ሃይማኖት ወደ ካቶሊክ በመለወጡ ስንት ደም እንደ ፈሰሰ፥ ዐፄ ፋሲለደስም የየሱሳውያንን መምህራን ከአገር እንዳስወጡ የታሪክ መጽሐፋችን ያስተምረናል። ይህ ትዝታ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አልጠፋም ነበርና የካቶሊክ መምህር በስሙና በልብሱ ታውቆ መጓዝ አይችልም ነበር። አቡነ ማስያስም ስሙን ለውጦ እንደ ነጋዴ ለብሶ በጎጃም በኩል ዓባይን ተሻገረና በ1852 እ.ኤ.አ. ጉድሩ ገባ። ከዚያም እስከ ከፋ ደረሰ። ተባረረ፤ ተመለሰ፤ በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀመጠ፤ በመጨረሻም በ1879 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከኢትዮጵያ ወጣ።

እኔን ከታሪኩ ሁሉ የገረመኝ ሕዝቡ የሰጠው ስም ነው። ፈንጣጣ በዚያ ዘመን ሕፃናቱን እየጨረሰ፥ የተረፉትንም ዓይን እያጠፋ ነበር። ማስያስ ክትባቱን ያውቅ ስለ ነበር በየደረሰበት ይከትብ ጀመር። ሰዉም ስብከቱን ከመስማቱ በፊት ክንዱን ይሰጠው ነበርና «የፈንጣጣ አባት» ብሎ ጠራው። የኦሮምኛንና የአማርኛን ሰዋስው አዘጋጅቶ በ1867 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያሳተመውም እርሱ ነው። ካረጀ በኋላ በኢጣልያ ተቀምጦ የ35 ዓመት ትዝታውን በ12 ትልልቅ መጻሕፍት ጻፈ።

እነዚህ መጻሕፍት በኢጣልያ በብዙ ሰው ዘንድ ይነበቡ ነበር። ካነበቧቸውና በልባቸው ካኖሯቸው ሰዎች አንዱ በቶሪኖ ከተማ የኮንሶላታ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የነበረው ቄስ ጁዜፔ አላማኖ ነው። ኮንሶላታ በኢጣልያንኛ «የተጽናናችው» ማለት ሲሆን፥ የቶሪኖ ሕዝብ ግን ሐዘንተኛን ሁሉ የምታጽናና እመቤት አድርጎ ሥዕሏን ያከብራል። አላማኖ በ1851 እ.ኤ.አ. በካስቴልኑዎቮ ዳስቲ መንደር ተወለደ። ያቺ ትንሽ መንደር ዶን ቦስኮንም ያስገኘች ናት፤ አላማኖም በልጅነቱ በዶን ቦስኮ ትምህርት ቤት ተምሯል። የእናቱ ወንድም ጁዜፔ ካፋሶ ደግሞ ሞት የተፈረደባቸውን እስረኞች እስከ መስቀያው እየሸኘ በማጽናናት የታወቀ ቄስ ነበር። አላማኖ ራሱ ሚሲዮናዊ ለመሆን ተመኝቶ ነበር፤ ጤናው ግን አልፈቀደለትም። በ1900 እ.ኤ.አ. በጠና ታሞ ሰው ተስፋ ከቆረጠለት በኋላ ዳነና፥ እኔ መሄድ ካልቻልሁ የሚሄዱትን ላዘጋጅ ብሎ ተነሣ። ማኅበሩንም ጥር 21 ቀን 1893 ዓ.ም. (ጥር 29 ቀን 1901 እ.ኤ.አ.) መሠረተ። ዕለቱ በእኛ አገር አስተርእዮ ማርያም ነው። አላማኖ ይህን ያውቅ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን በእመቤታችን ስም የተጠራ ማኅበር በእኛ የእመቤታችን በዓል ቀን መመሥረቱን ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። የእህቶችም ማኅበር በዚያው ቀን በ1902 ዓ.ም. ተመሠረተ።

የአላማኖ የመጀመሪያ አሳብ ልጆቹን ማስያስ ወደ ሠራበት ወደ ኦሮሞ አገር መላክ ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ዐድዋ ከተዋጋን ገና 5 ዓመት መሆኑ ነው። ኢጣልያናዊ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ልግባ ማለት እንዴት እንደሚታይ አንባቢው ራሱ ይፍረድ። ስለዚህ በእንግሊዝ እጅ ወደ ነበረችው ወደ ኬንያ እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ለመዝለቅ ይቻላል የሚል ተስፋም ነበረ። በ1902 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ከቶሪኖ ተነሡ። ሁለቱ ቶማሶ ጋይስና ፊሊፖ ፔርሎ ካህናት ናቸው፤ ሁለቱ ግን ቼሌስቴ ሉሶና ሉዊጂ ፋልዳ ካህናት ያልሆኑ፥ የእጅ ሥራ የሚሠሩ «ወንድሞች» ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ቅዳሴ የማይቀድሱ ሠራተኞች መሆናቸው ስለ ማኅበሩ ጠባይ ብዙ ይናገራል። ካሩሪ የሚባለው የኪኩዩ ባላባት ቱቱ በሚባለው ስፍራ ተቀበላቸው። በ1904 እ.ኤ.አ. በሙራንጋ ተሰብስበው የሥራቸውን አካሄድ ሲወስኑ፥ በየመንደሩ እየዞሩ ቤተሰብን መጠየቅ፥ በሽተኛን ማከም፥ ትምህርት ቤት መክፈትና የአገሩን ተወላጆች ለማስተማር ማሠልጠን ዋናዎቹ ነበሩ። አላማኖ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የዕለት ማስታወሻ ጽፎ እንዲልክለት አዝዞ ነበር። እርሱ አፍሪካን አንድ ቀን እንኳ ሳያይ በ1918 ዓ.ም. ሞተ፤ የልጆቹን ውሎ ግን በእነዚያ ደብተሮች ያውቅ ነበር።

የኢትዮጵያ በር የተከፈተው በ1913 እ.ኤ.አ. ሮማ የከፋን አገር ለማኅበሩ ስትሰጥ ነው። አለቃ ሆኖ የተሾመው ጋውዴንሲዮ ባርላሲና ቢሾምም ለመግባት ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት። በ1916 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፥ ልጅ ኢያሱ ከወረዱ ጥቂት ወራት በኋላ፥ የነጋዴ ልብስ ለብሶ አዲስ አበባ ገባ። ማስያስ ከ64 ዓመት በፊት ያደረገውን ባርላሲና ደገመው ማለት ነው። በኋላም ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን መንግሥት ጋር ተግባብተው በከፋና በምዕራቡ አገር በእርሻ፥ በእንጨት ሥራ፥ በሕክምናና በትምህርት ተሰማሩ። እህቶችም ተከተሏቸው። በዘመኑ በሐረር በኩል ሥራውን የያዙት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች ነበሩ፤ አለቃቸውም በሕዝቡ አባ እንድርያስ የሚባሉትና ለተፈሪ መኰንን ከልጅነታቸው ጀምሮ ወዳጅ የነበሩት አቡነ ዣሮሶ ናቸው። አርሲም በእነዚህ በሐረሮቹ ክፍል ውስጥ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ለመጻፍ የሚከብድ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ። በኢጣልያ ከፍተኛ የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት አንዳንዶቹ፥ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ሳይቀሩ፥ ጦርነቱን በአደባባይ አመሰገኑ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ በመቶ የሚቆጠሩ መነኮሳትና ዲያቆናት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። ገዳዮቹን ያዘዙት ሰዎች ከኮንሶላታ መነኮሳት ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፥ በአንድ ባንዲራ የሚጠሩ ነበሩ። ፈረንሳዊው አባ እንድርያስ በኢጣልያኖች ግፊት በ1938 እ.ኤ.አ. ከሐረር ወጡና በባዕድ የሆነባቸው የገዛ አገራቸው ውስጥ ሞቱ፤ በስፍራቸውም ኢጣልያናዊ ተሾመ። ይህ ሁሉ ሲታይ፥ በ1933 ዓ.ም. ነፃነታችን ከተመለሰ በኋላ ኢጣልያውያኑ ሚሲዮናውያን ከኢትዮጵያ እንዲወጡ መደረጋቸው የሚያስገርም አይደለም። ከመካከላቸው ለከፋ ድኻ ዕድሜውን የሰጠ ሰው እንደ ነበረ አይጠረጠርም። ግን ጥፋተኛውና ንጹሑ በአንድ መርከብ ተጫነ። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ገና ሲያጤስ እንግዳን እየለየ አይቀበልም።

ታዲያ እንዴት ተመለሱ? መንግሥት በ1944 እ.ኤ.አ. የሚሲዮኖችን ሥራ የሚመራ ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ አገሪቱ በሁለት ተከፈለች፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በብዛት በሚኖሩበት ክፍል የውጭ አገር ሚሲዮኖች ማከምና ማስተማር እንጂ ሰውን ወደ ሃይማኖታቸው መሳብ ተከለከሉ፤ በሌላው ክፍል ግን ተፈቀደላቸው። ቀስ በቀስም ኢጣልያውያን ማኅበራት እየተፈቀደላቸው መመለስ ጀመሩ። ኮንሶላታም በ1970 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። የተመለሰው ግን ወደ ቀድሞ ስፍራው ወደ ከፋ ሳይሆን፥ የሐረሩ ካፑቺን ጳጳስ አቡነ ኡርባን ፔርሶን ያስተዳድሩት ወደ ነበረው ወደ አርሲ በኩል ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አላማኖ በ1901 እ.ኤ.አ. ልጆቹን ወደ ኦሮሞ አገር ልላክ ካለ 69 ዓመት ሲሆን፥ በማስያስ ወንድሞች እጅ ተጋብዘው አርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደረሱ። በዚህ ጊዜ የነጋዴ ልብስ አላስፈለጋቸውም።

የደረሱበት አርሲ ጸጥ ያለ አገር አልነበረም። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሰላ ከስዊድን መንግሥት ጋር የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እያስተማረ ምርቱን ሲያበዛ፥ ባለመሬቱ ደግሞ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን ከመሬቱ ያስወጣ ጀመር። ሕዝቡ አብዛኛው እስላም፥ ቀሪውም ብዙው ኦርቶዶክስ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሁሉ መሬት የሚፈልግ ይመስለዋል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች አንድ የካቶሊክ መነኩሴ የሚሰብከው ነገር ብዙ ጆሮ አያገኝም ነበር።

ሥራቸው የታወቀው በጋምቦ ነው። ጋምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በምዕራብ አርሲ በቆሬ ወረዳ፥ በደጋው ጫካ ዳር ያለ ስፍራ ሲሆን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ነበር። የኮንሶላታ ካህናትና እህቶች ሥራውን ከያዙት ወዲህ እየሰፋ ሄደ። ስለዚህ በሽታ ጥቂት ልናገር። የሥጋ ደዌ አምጪው ረቂቅ ተሕዋስ በ1873 እ.ኤ.አ. በኖርዌዩ ሐኪም በሐንሰን ተገኝቷል። በዘር የሚወርድ አይደለም፤ በቀላሉም አይተላለፍም፤ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ጉዳቱ ነርቭን ማደንዘዙ ነው። በሽተኛው እጁ በእሳት ሲቃጠል አይሰማውም፤ እግሩን ጠጠር ሲበላው አያውቅም፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ጣቱ ይቆረጣል። እኛ ግን ቁስሉን እንጂ ምክንያቱን አላየንም። ከቤቱ አስወጣነው፤ ትዳሩን አፈረስንበት፤ ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ አጣ፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲለምን አደረግነው። በዚህ ነገር እስላሙም ክርስቲያኑም፥ ደገኛውም ቆለኛውም እኩል በደለኛ ነው።

ለእንደዚህ ያለ በሽተኛ መድኃኒቱ ክኒን ብቻ አይደለም። ቁስል በየቀኑ ማጠብ፥ የሞተውን ቆዳ መላግ፥ ዓይን እንዳይደርቅ መጠበቅ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግሩን የሚከላከል ለስላሳ ጫማ መስፋት ያስፈልጋል። በሥጋ ደዌ ሕክምና ጫማ ሰፊው ከሐኪሙ አይተናነስም። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ሁለቱ የእጅ ሠራተኞች የነበሩበት ማኅበር ለዚህ ሥራ የሚስማማ መሆኑ ይታያል። አላማኖ በጎ ሥራ በደንብ ይሠራ፥ ጩኸት ግን አይኑረው እያለ ያስተምር ነበር ይባላል። ቁስል ማጠብ ጩኸት የሌለበት ሥራ ነው። ከ1981 እ.ኤ.አ. በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ ስላዘዘ፥ ዕድሜ ልክ ይወሰድ የነበረው ሕክምና ወደ ወራት አጠረ፤ የበሽተኛው ቁጥርም እየቀነሰ ሄደ። ጋምቦም ማዋለጃና የሕፃናት ክፍል ያለው ጠቅላላ ሆስፒታል ሆነ። ከዚህም ሌላ በሻሸመኔ አቅራቢያ በጊጌሣ አካላቸው ለተጎዳ ሕፃናት የሚረዳ ቤት ተቋቋመ።

አሁን ስለ አኗኗራቸው። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ወጣት አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት ይማራል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ በጸሎትና በዝምታ ራሱን የሚመረምርበት ጊዜ አለው። ከዚያ በኋላ ሦስት ስእለት ይሳላል፤ ድኽነት፥ ንጽሕናና መታዘዝ። በድኽነት የግል ገንዘብ አይኖረውም፤ ያገኘው ሁሉ የማኅበሩ ነው። በንጽሕና አያገባም። በመታዘዝ ደግሞ አለቃው ከዛሬ ጀምሮ ወደ ብራዚል ሂድ ቢለው፥ ቋንቋውን በ20 ዓመት የለመደውን የአርሲን ሰው ትቶ ይሄዳል። ለእኔ ከሦስቱ ከባዱ ይህ ይመስለኛል። የአገራችን መነኩሴ አንድ ገዳም ይዞ እዚያው ይቀበራል፤ እነዚህ ግን መቃብራቸው የት እንደ ሆነ አያውቁም። ስእለቱም ለጊዜው ሳይሆን ለዕድሜ ሙሉ፥ ወንጌል ወዳልተሰማበት ሕዝብ ለመላክ ነው። በቤታቸው ማልደው ተነሥተው በአንድነት ይጸልያሉ፤ ይቀድሳሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ክፍል፥ አንዱ ወደ ክሊኒክ፥ አንዱ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ ማታ እንደ ገና በጸሎትና በአንድ ማዕድ ይገናኛሉ። ወደ አርሲ የመጣ ሁሉ አማርኛ መማር አለበት፤ ከገበሬው ጋር ለመነጋገር ደግሞ ኦሮምኛ ያስፈልገዋል፤ ማስያስ በ1867 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የታሰበው ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ተማሪዎች ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ጭሰኛው መሬት አገኘ፤ የባለመሬቱ ዘመን አለፈ። ለሚሲዮኖች ግን ዘመኑ የጥርጣሬ ዘመን ነበር፤ ሃይማኖት የማይወድ መንግሥት የውጭ አገር ሰውን በሁለት ዓይን ያያል። የኮንሶላታ ሰዎች ግን አልሄዱም። በ1972 ዓ.ም. አርሲን የሚጨምረው የመቂ ክፍል ከሐረር ተለይቶ ራሱን ቻለ፤ የመጀመሪያው አለቃም ኢትዮጵያዊው አባ ዮሐንስ ወልደ ጊዮርጊስ፥ በኋላ ጳጳስ የሆኑት ናቸው። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ኢጣልያኖቹ በአርሲ የሚሠሩት ለኢትዮጵያዊ አለቃ እየታዘዙ ሆነ። የ1928 ዓ.ም.ን ታሪክ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አላማኖ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በሮማ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በማኅበሩ ውስጥ ገብተው ካህናትና እህቶች ሆነዋል፤ በሕጉም መሠረት በአገራቸው ብቻ አይቀመጡም፤ ወደ ሌላ አፍሪካ አገርና ከባሕር ማዶ ይላካሉ። በጋምቦ ደግሞ በሆስፒታሉ ተራ የሚጠብቁት አብዛኛዎቹ ልጆቻቸውን ያዘሉ የእስላም እናቶች ናቸው፤ ልጁ ሳል ይዞት፥ ወይም ምግብ አንሶት፥ ከሩቅ ቀበሌ በፈረስ ጋሪ መጥተው፥ ገና ጉሙ ሳይነሣ ከደጃፉ የተቀመጡ።